«እሑድ ነበር»፦ የጠፋ የልደት ቀንን በሳምንት ወደ ኋላ ቆጥሮ ማግኘት

ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ በምትገኘው በአፕል ቫሊ ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ ከስሙ ቀጥሎ ዘወትር የሚጠየቀው የትውልድ ቀኑን ነው። በክሊኒክ፣ በትምህርት ቤት መመዝገቢያ፣ በመንጃ ፈቃድ መስጫ፣ ወር፣ ቀንና ዓመት የሚሞሉባቸው ሦስት ባዶ ሣጥኖች ይጠብቁታል። ብዙዎች ሣጥኖቹን የሚሞሉት በአንድ ዓይነት ቁጥር ነው፤ ጃንዋሪ 1። በስደተኝነት ወደ አሜሪካ ከገቡት መካከል የትውልድ ቀናቸውን የሚያስረዳ ሰነድ ያልነበራቸው ሰዎች፣ ዓመቱ በግምት ተይዞ ቀኑ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቦላቸዋል። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 መሆኑ ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ደግሞ ታኅሣሥ 22። ስለዚህም ባልና ሚስት፣ አንዳንዴም እናትና ልጅ፣ በወረቀት ላይ በአንድ ቀን የተወለዱባቸው ቤተሰቦች በዚህ አካባቢ ብርቅ አይደሉም።

ነገሩ ለቀልድ የሚመች ቢመስልም ውጤቱ ቀላል አይደለም። በሚኒሶታ ሕግ አንድ ሕፃን መዋዕለ ሕፃናት ለመግባት እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ አምስት ዓመት ሊሞላው ይገባል። በኖቬምበር ተወልዶ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 1 እንደ ተወለደ የተመዘገበ ልጅ እንግዲህ ከዕድሜው አንድ ዓመት ቀድሞ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ወላጅ ልጁን ወደ አሜሪካ ለማምጣት ሲያመለክት ልጁ ያላገባና ከ21 ዓመት በታች መሆኑ ይታያል። በ1960 እና ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሠራተኛ ሙሉ የጡረታ አበል የሚያገኘው በ67 ዓመቱ ነው። አንድ የተሳሳተ አኃዝ ሰውን ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ጡረታ ይከተለዋል።

ታዲያ ትክክለኛው ቀን በእርግጥ ጠፍቷል? እናቶቻችንን ብንጠይቅ የሚሰጡን መልስ ቁጥር አይደለም። «ሰኔ ሚካኤል ዕለት ነው»፣ «የደብረ ዘይት እሑድ»፣ «የቅዳሜ ገበያ ቆሞ ሳለ ምጥ ያዘኝ»፣ «ረመዳን ሊገባ ሁለት ጁምዓ ሲቀረው» ይላሉ። የውጭ አገር ጸሐፊ ይህን የሚያሰፍርበት ሣጥን ስለሌለው «አይታወቅም» ብሎ ያልፈዋል። ሆኖም በእነዚህ ምስክርነቶች ውስጥ ለሒሳብ የተመቸ ጠንካራ ማስረጃ አለ፤ እርሱም የሳምንቱ ዕለት ነው። ዓመቱን የረሳች እናት ዕለቱን ብዙ ጊዜ አትረሳም፤ ገበያው፣ ጾሙ፣ ቅዳሴው፣ የጁምዓው ሶላት የተያያዙት ከዕለት ጋር ነውና።

ዕለት ይህን ያህል የሚታመነው ሳምንት የማይሰበር ሰንሰለት በመሆኑ ነው። የዘመን አቆጣጠሮች በወር፣ በዓመትና በዓመት መባቻ ይለያያሉ፤ ሰኞ ግን ለሁሉም ሰኞ ነው። በ1582 የሮማው ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ የአውሮፓን አቆጣጠር ሲያሻሽሉ ዐሥር ቀናት ከወሩ ላይ ተሰረዙ፤ ኦክቶበር 4 ሐሙስ ነበር፣ ማግስቱ ኦክቶበር 15 ሆኖ ዓርብ ዋለ። ቀኑ ዘለለ፣ ሳምንቱ አልዘለለም።

ይህ ለእኛ ምን እንደሚጠቅም የዐድዋ ድል ያሳየናል። ድሉ የተገኘው እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ዛሬ የካቲት 23 ዘወትር ከማርች 2 ጋር ይገጥማል። ይህንኑ ይዞ የጦርነቱን ቀን «ማርች 2 ቀን 1896» ብሎ የሚጽፍ ሰው ይሳሳታል፤ ማርች 2 ቀን 1896 ሰኞ ነበርና። እሑድ የዋለው ማርች 1 ነው። ምክንያቱ በአውሮፓውያኑ ሕግ 1900 ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ያልነበረው መሆኑ ነው፤ የእኛው ጳጉሜን ግን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስተኛ ቀኗን አላጓደለችም። ስለዚህ ከ1900 በፊት በነበረው መቶ ዓመት በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንሳል። ስሕተቱን ያጋለጠው የሳምንቱ ዕለት ነው።

አቆጣጠሩ ራሱ ለኢትዮጵያዊ ከማንም ይልቅ ይቀላል። የአውሮፓ ወሮች 28፣ 30 ወይም 31 እየሆኑ ያምታታሉ፤ የእኛ ወር ግን ሁልጊዜ 30 ቀን፣ ማለትም አራት ሳምንት ከሁለት ቀን ነው። አንድ ወር ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ዕለቱ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል። ሰባት ወር 210 ቀን፣ ልክ 30 ሳምንት ስለሆነ መስከረም 1 እና ሚያዝያ 1 ምንጊዜም በአንድ ዕለት ይውላሉ። ጥቅምት ከግንቦት፣ ኅዳር ከሰኔ፣ ታኅሣሥ ከሐምሌ፣ ጥር ከነሐሴ፣ የካቲት ከጳጉሜን እንዲሁ ይጣመራሉ። ዓመቱ ደግሞ 365 ቀን፣ ማለትም 52 ሳምንት ከአንድ ቀን ነው። እንግዲህ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ስንሄድ ዕለቱ በአንድ ይመለሳል፤ በመንገዳችን ላይ ጳጉሜን 6 ካጋጠመችን አንድ ይጨመራል። ከዚህ በላይ ቀመር አያስፈልግም።

እንሞክረው። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1980 በምን ዕለት ዋለ? በመካከሉ 38 ዓመታት አሉ። ጳጉሜን 6 የምትውለው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስለሆነ፣ ከ1983 እስከ 2015 ድረስ በየአራት ዓመቱ ስንቆጥር ዘጠኝ ጊዜ እናገኛታለን። 38 እና 9 ሲደመሩ 47፤ ከዚህ ውስጥ ስድስቱን ሳምንታት (42) ስናወጣ 5 ይተርፋል። ከሐሙስ አምስት ቀን ወደ ኋላ ስንቆጥር ቅዳሜ ላይ እናርፋለን። በጠቅላላው የተጓዝነው 13,879 ቀን፣ ማለትም 1,982 ሳምንት ከአምስት ቀን ነው፤ ያን ሁሉ ሳምንት ግን መቁጠር አላስፈለገንም።

ይህን የሚያረጋግጥልን ሌላ መንገድ አለ፤ ሊቃውንቱ በባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩት የኖሩት። በትውፊት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ለቀመረው ለዚህ ስሌት መነሻው ዓመተ ዓለም ነው። 5500 ላይ 1980 ሲደመር 7480 ይሆናል። ይህን ለአራት ማካፈል መጠነ ራብዒትን፣ 1870ን ይሰጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 9350፤ ለሰባት ተካፍሎ 5 ይተርፋል። አንድ ከተረፈ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ፣ አራት ዓርብ፣ አምስት ቅዳሜ፣ ስድስት እሑድ፣ ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። መስከረም 1 ቀን 1980 ቅዳሜ፤ ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ። 7480 ለአራት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ መሆኑንም በዚያው ዐወቅን።

የዚህ ጥበብ ዐቢይ ተርጓሚ በሚኒሶታ መኖራቸው ለአፕል ቫሊ ነዋሪዎች መልካም አጋጣሚ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን ምዕራብ ባለችው ኮሌጅቪል፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የሂል የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ለረጅም ዓመታት የኢትዮጵያን ብራናዎች ሲመረምሩና ዝርዝራቸውን ሲያዘጋጁ ኖረው በ2021 ዐርፈዋል። «ባሕረ ሐሳብ» በሚል ርእስ በአማርኛ የጻፉት መጽሐፍ የዘመን ቆጠራ ቅርሳችንን ለተራው አንባቢ ያቀረበ ነው። ከውጭ አገር ሊቃውንት ደግሞ የጥንት ሒሳብ ታሪክ ተመራማሪው ኦቶ ኖይገባወር በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት ትልቅ ጥናት አሳትሟል። የብራና ጸሐፍት በመጽሐፉ መጨረሻ ዓመቱን፣ ወንጌላዊውን፣ አንዳንዴም ዕለቱን ጽፈው ሲገኙ፣ ተመራማሪው እነዚህ እርስ በርስ መስማማታቸውን ያሰላል። የእናት ምስክርነት የሚመረመረውም በዚሁ መንገድ ነው።

እንበልና አንዲት እናት «ልጄ የተወለደው ሰኔ ሚካኤል፣ እሑድ ቀን ነው፤ ዓመቱን እንጃ፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ፣ ደርግ ከመውደቁ በፊት» አሉ። ሚካኤል ማለታቸው ቀኑን 12 ያደርገዋል። ድርቁና ግንቦት 20 ቀን 1983 ደግሞ ፍለጋውን ከ1978 እስከ 1982 ባሉት ዓመታት ያጥሩታል። ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 12 ያለው ርቀት 281 ቀን፣ ማለትም 40 ሳምንት ከአንድ ቀን ስለሆነ፣ ሰኔ 12 ሁልጊዜ ከመስከረም 1 ዕለት ቀጥሎ ባለው ዕለት ይውላል። ስለዚህ በ1978 ሐሙስ፣ በ1979 ዓርብ፣ በ1980 እሑድ፣ በ1981 ሰኞ፣ በ1982 ማክሰኞ ዋለ። መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ እሑድ ሰኔ 12 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን ጁን 19 ቀን 1988። ድርቁና የመንግሥት ለውጡ ባይነሡ ኖሮ 1975 እና 1986ም እሑድን ይዘው ይመጡ ነበር፤ አንድ ቀን በዚያው ዕለት ተመልሶ የሚውለው በአምስት፣ በስድስት ወይም በዐሥራ አንድ ዓመት ነውና። ዕለት ብቻውን አይበቃም፤ ከታሪክ ጋር ሲጣመር ግን ይበቃል።

አሁን ይህ ሰው ከአገር ቤት ይዞት የመጣው ወረቀት ላይ «12/10/1980» ተብሎ ተጽፏል እንበል። እኛ ቀኑን አስቀድመን እንጽፋለን፤ 12ኛው ቀን፣ 10ኛው ወር፣ ሰኔ። አሜሪካዊው ጸሐፊ ወሩን አስቀድሞ ያነባል፤ ዓመቱንም እንደ ራሱ ዓመት ይወስዳል። ዲሴምበር 10 ቀን 1980 ብሎ ይመዘግባል። ሰውየው በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት ከስድስት ወር ጨመረ። ሠላሳኛ ዓመቱን በሚያከብርበት ቀን ወረቀቱ ሠላሳ ሰባት ይለዋል። (ጡረታው መቅረቡን አስቦ ዝም የሚል አይጠፋም፤ በሌላው መሥሪያ ቤት የሚያሳጣውን ግን ያኔ አያየውም።) ዲሴምበር 10 ቀን 1980 ረቡዕ ነበር፤ «እሑድ ነው» ያሉት እናት ያንን ወረቀት በአንድ ቃል ይረቱታል።

ነገር ግን መጠንቀቅ ይገባል። ያንኑ ጽሑፍ በአውሮፓ የሚኖር ጸሐፊ ቀኑን አስቀድሞ ቢያነበው ኦክቶበር 12 ቀን 1980 ይሆናል፤ ያ ቀን ደግሞ በአጋጣሚ እሑድ ነው! ከሰባት የተሳሳቱ ቀኖች አንዱ ትክክለኛውን ዕለት ይዞ መገኘቱ የማይቀር ነው። ስለዚህ የዕለት መመሳሰል ጥርጣሬን ያቀላል እንጂ አያጠፋም። የዕለት አለመመሳሰል ግን፣ የእናት ትዝታ ከታመነ፣ ወረቀቱን ወድቆ እንዲታይ ያደርገዋል።

በዚህ ሥራ ውስጥ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ከማካፈል ሳይሆን ከመነሻው ቀን ነው። መነሻው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ቋንቋችን ራሱ የሚቆጥር ነው። «ሳምንት» የሚለው ቃል ከ«ስምንት» ጋር ዘመድ ነው፤ ከእሑድ እስከ እሑድ ሁለቱንም ጫፎች ብንቆጥር ስምንት ናቸውና። «የዛሬ አሥራ አምስት» ስንልም ከዐሥራ አራት ቀን በኋላ ያለውን ቀን ማለታችን ነው። የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ግን መነሻውን አይቆጥርም። ይህ የአንድ ቀን ልዩነት በክርስትና የምስክር ወረቀት ላይ ጎልቶ ይታያል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። የዚያ ልጅ ወረቀት «ሐምሌ 21 ቀን 1980 ተጠመቀ» ቢል፣ 40 ቀን በደፈናው ወደ ኋላ የቀነሰ ሰው ሰኔ 11፣ ቅዳሜ ላይ ይደርሳል። የልደቱን ቀን እንደ አንድ የቆጠረ ደግሞ 39 ቀን ቀንሶ ሰኔ 12፣ እሑድን ያገኛል። ካህኑ የትኛውን እንደቆጠሩ ወረቀቱ አይነግረንም። እናትየው ይነግሩናል።

በዐቢይ ጾም የተወለዱ ሰዎች ዕድለኞች ናቸው፤ እሑዶቹ ስም አላቸውና። «የደብረ ዘይት ዕለት» ከተባለ ደብረ ዘይት ከትንሣኤ አራት ሳምንት ይቀድማል። የ1980 ትንሣኤ ሚያዝያ 2 ስለነበረ 28 ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ መጋቢት 4 ይሆናል፤ በአውሮፓውያን ማርች 13 ቀን 1988።

በሳምንት ወደ ኋላ መቁጠር ላለፈ ልደት ብቻ የሚሆን ጥበብ አይደለም። በአሜሪካ ክሊኒክ ነፍሰ ጡር እናት በወር ሳይሆን በሳምንት ነው የምትቆጠረው። ቆጠራው የሚነሣውም ከፅንሱ ሳይሆን የመጨረሻው የወር አበባ ከመጣበት የመጀመሪያ ቀን ነው፤ መድረሻው 40 ሳምንት፣ 280 ቀን። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይህ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ይሆናል፤ በመካከሉ ጳጉሜን ካለች ዘጠኝ ወር ከአምስት፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች ዘጠኝ ወር ከአራት። (መጋቢት 29 ከሚውለው ፅንሰት እስከ ልደት ከምንቆጥረው «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» ጋር አይምታታ፤ እርሱ ከፅንሰት የሚነሣ 275 ቀን ነው።) ቀኑን ያላስታወሰች እናት በአልትራሳውንድ ትለካለች፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚደረግ ምርመራ ኋላ ከሚደረገው ይልቅ የታመነ ነው። ዓርብ ኅዳር 26 ቀን 2018 «11 ሳምንት ከ3 ቀን» ከተባለች 80 ቀን ወደ ኋላ ቆጥራ ማክሰኞ መስከረም 6 ትደርሳለች፤ ከዚያ 40 ሳምንት ወደ ፊት ሰኔ 16፣ ያው ማክሰኞ። መነሻና መድረሻ በአንድ ዕለት ካልዋሉ ስሌቱ አንድ ቦታ ተሰብሯል ማለት ነው። ለሐኪሟ «ሦስተኛ ወሬ ነው» ከማለት ይልቅ ይህን ይዛ ብትቀርብ ምርመራዎቿ በወቅታቸው ይውላሉ፤ አንዳንዶቹ በተወሰኑ ሳምንታት ብቻ የሚደረጉ ናቸውና።

ሌሊት የተወለደ ልጅ ነገሩን ያወሳስበዋል። በአሜሪካ ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6 ላይ ነው። በአገር ቤት ግን ሰው ቀኑን ከንጋት ያስጀምራል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከዋዜማው ምሽት። «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የተባለውን አንዱ ቅዳሜ፣ ሌላው እሑድ ብሎ ይጽፈዋል፤ በአሜሪካ ደንብ እሑድ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ሲጠየቅ «በስንት ሰዓት?» የሚለው ጥያቄ «በምን ዕለት?» ከሚለው ሊለይ አይገባም። በስልክ የሰሙትን የልደት ዜና መነሻ ያደረጉ ዘመዶችም ይጠንቀቁ። በክረምት አፕል ቫሊ ከአዲስ አበባ ዘጠኝ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። አዲስ አበባ ላይ ሰኞ ጠዋት በ2 ሰዓት የተወለደች ልጅ ዜናዋ እዚህ የሚደርሰው ገና እሑድ ማታ ሳለ ነው።

ስሌት ራሱ ሰነድ አይደለም፤ የትኛውም መሥሪያ ቤት ባሕረ ሐሳብ ተቀብሎ መዝገብ አያርምም። ዜግነት ሲወሰድ በመሐላ የተረጋገጠ የትውልድ ቀንን ከዚያ በኋላ ማስለወጥ በተለይ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ፍለጋው ከማመልከቻው በፊት ቢደረግ ይመረጣል። የስሌቱ ጥቅም ለፍለጋው አቅጣጫ መስጠቱ ነው። እሑድ ሰኔ 12 ቀን 1980ን ያወቀ ሰው በአገር ቤት ያለ ዘመዱን የደብሩን የክርስትና መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ እንዲያገላብጥ አይልከውም፤ የ1980 ሐምሌን ግለጥ፣ 21ን ተመልከት ይለዋል።